እሺ እና ገባኝ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሥራ ቦታ ሥልጠና ነው። «ይሄ ደግሞ ምኑ ይወራል?» እንዳትሉ። ከመካከላችሁ እናቱን የስልክ አጠቃቀም ያላሳየ፣ ለአባቱ የመንግሥት ቅጽ ያልሞላ ካለ እጁን ያውጣ። ሁላችሁም አሠልጣኞች ናችሁ፤ ደመወዝ የሌላችሁ ብቻ።

እኔ ደመወዝ አለኝ። እናቴ ግን ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ከተወች ቆየች። ድሮ ፌርፋክስ ጎዳና ሄደን ጤፍና ቡና ስንገዛ፣ የምታውቀው ሰው ሁሉ «ልጅሽ ምን ይሠራል?» ይላታል። «አስተማሪ ነው» ትላለች። እኔ «አይደለሁም፤ አሠልጣኙ የሚያሠለጥንበትን የማዘጋጅ ነኝ» እላለሁ። አንድ ቀን ወደ ሎንግ ቢች ስንመለስ፣ 405 ላይ መኪናው ሁሉ ቆሞ፣ «ታዲያ ለምን አንተው አታሠለጥንም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሥራዬ በእንግሊዝኛ ረጅም ስም አለው። በአማርኛ የሥልጠና ንድፍ ልንለው እንችላለን። አንድ ሰው አዲስ ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ ምን ይማር? ከዚያስ ምን ይከተል? ማወቁስ በምን ይታወቃል? ይህን ማሰብና ማዘጋጀት ነው። «ሠለጠነ» የሚለውን ግሥ ልብ በሉት። ከእሱ «ሥልጠና» ይወጣል፤ «ሥልጣኔ» ይወጣል፤ «ሥልጣን»ም ከዚያው ቤት ነው። እንግሊዝኛ እነዚህን ሦስቱን በማይገናኙ ቃላት ነው የሚጠራቸው። በአማርኛ ግን ዘመዳሞች ናቸው። ስለዚህ ሰውን ማሠልጠን በሥራው ላይ ሥልጣን መስጠት ነው ብዬ አስባለሁ። ይህ የኔ አተረጓጎም ነው፤ የቋንቋ ሊቃውንት ቢቆጡኝ እቀበላለሁ።

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ።

የምሠራበት መጋዘን ከሎንግ ቢች ወደብ ብዙ አይርቅም። የጭነት መኪኖቹ ኮንቴይነር ይዘው በ710 አውራ ጎዳና ይመጣሉ። እኛ ጋ የሚራገፈው የሕክምና ዕቃ ነው፤ ጓንት፣ ፋሻ፣ መርፌ፣ የላስቲክ ቱቦ። ሠራተኛው ስካነር በእጁ ይዞ ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ ይሄዳል። ሆስፒታሉ ያዘዘውን ዕቃ ያወጣል፤ ባርኮዱን ያነባል፤ ካርቶን ውስጥ ይከታል። ሲያዩት ቀላል ነው። ችግሩ አንድ ካርቶን ሁለት ዓይነት ባርኮድ አለው። አንዱ የሙሉው ካርቶን ነው፤ ሌላው በውስጡ ያለው የእያንዳንዱ ፓኬት ነው። የተሳሳተውን ያነበበ ሰው አንድ ፓኬት ይልካል፤ ኮምፒውተሩ ግን ሃያ አራት ተልኳል ብሎ ይመዘግባል።

ለዚህ ሥራ ሥልጠና አዘጋጅ ተባልኩ፤ አዘጋጀሁ። ሃምሳ ደቂቃ ቪዲዮ፣ ስድሳ ገጽ ስላይድ፣ መጨረሻ ላይ አሥር ጥያቄ። ቀለሙ ያምራል፤ ሙዚቃም አለው። በፕሮጀክት ዕቅዴ ላይ «ቪዲዮ ተጠናቀቀ»፣ «ስላይድ ተጠናቀቀ»፣ «ሠራተኞች ተከታተሉ» የሚሉ ሦስት ሳጥኖች ነበሩ። ሦስቱም ላይ ምልክት አደረግኩ። በተባለው ቀን፣ ከተመደበልኝ ገንዘብ ሳላልፍ ጨረስኩ። አለቃዬ አመሰገነኝ።

ከዚያ እትዬ መጡ።

ስማቸውን አልጽፍም፤ እትዬ እያልኩ ልቀጥል። ሃምሳ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። ከአዲስ አበባ ከመጡ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም። ቪዲዮውን መነጽራቸውን አድርገው፣ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ተከታተሉ። እኔ በየመሃሉ አቆመውና «ገባዎት እትዬ?» እላለሁ። «እሺ» ይላሉ። «ጥያቄ አለዎት?» «የለኝም ልጄ፣ እሺ።» ከአሥሩ ጥያቄ ስምንቱን መለሱ። ፈረምኩላቸው።

በሁለተኛው ሳምንት የስህተት ዝርዝሩ መጣ። አብረዋቸው ከጀመሩት ሁሉ የሳቸው ይበዛል። ሱፐርቫይዘሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን የሚያየው ቁጥር ነው። «የሙከራ ጊዜያቸው አርብ ያበቃል። እስከዚያ ካልተስተካከለ አናስቀጥላቸውም» አለኝ። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። እትዬ ከደመወዛቸው ላይ አዲስ አበባ ላለችው እህታቸው የመድኃኒት መግዣ እንደሚልኩ በሻይ ሰዓት አጫውተውኛል።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የተናደድኩት በእሳቸው ነው። «ጠይቄያቸው ነበር እኮ! እሺ ብለውኝ ነበር እኮ!» እያልኩ ለራሴ ተከራከርኩ።

«እሺ» ስንት ሥራ እንደምትሠራ አስባችሁ ታውቃላችሁ? «ሰምቼሃለሁ» ናት። «እታዘዛለሁ» ናት። «አክብሬሃለሁ፣ አትድከም» ናት። አንዳንዴም «ብቻ ቶሎ ጨርስልኝ» ናት። «ገባኝ» ግን ሌላ ነው። መግባት ከውጭ ወደ ውስጥ መሄድ ነው፤ «ገባኝ» ስንል ነገሩ ወደ ውስጤ ዘለቀ ማለታችን ነው። እኔ «ገባዎት?» ስል እሳቸው «እሺ» ሲሉ፣ ጥያቄዬ አልተመለሰም ነበር። ሰው አክባሪ ስለሆኑ ዝም ብለው አሳለፉኝ። በልጃቸው ዕድሜ ያለ ሰው ደክሞ ሲያስረዳቸው «አልገባኝም፣ ድገምልኝ» ማለት እሱን ማሳፈር መስሏቸዋል። አማርኛ እየሰማሁ ያደግኩት እኔ ይህን አልሰማሁትም።

ያን ማታ ወደ ቤቴ የሄድኩት በሌክዉድ ቡልቫርድ በኩል ነው። በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው «ፍላይ ዲሲ ጄትስ» የሚለውን አሮጌ የኒዮን ምልክት ሳያየው አይቀርም። ያ አካባቢ የዳግላስ አውሮፕላን ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው የተከፈተው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። ወንዶቹ ወደ ጦር ሜዳ ሲሄዱ ፋብሪካው ውስጥ የገቡት ሴቶች ነበሩ። በ1942 አልፍሬድ ፓልመር የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ ያነሳቸው ፎቶዎች ዛሬም አሉ፤ ሴቶቹ ፀጉራቸውን በሻሽ አስረው፣ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ቁጭ ብለው ብረት ከብረት ያያይዛሉ። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ መሣሪያ ይዘው አያውቁም። ከዚህ ፋብሪካ ሲ-47 የሚባለው የጭነት አውሮፕላን ብቻ ከ4,000 በላይ ወጥቷል።

ታዲያ ያን ሁሉ አዲስ ሰው በየፋብሪካው ማን አሠለጠነው? የአሜሪካ መንግሥት በ1940 አንድ ፕሮግራም አቋቁሞ ነበር፤ ስሙ ሲያጥር ቲደብሊውአይ ይባላል፤ «በኢንዱስትሪ ውስጥ ሥልጠና» እንደማለት ነው። እስከ 1945 ድረስ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰው አሠልጥኗል። ከጦርነቱ በኋላ ጃፓን ሄደና እነ ቶዮታ ወሰዱት፤ ዛሬም ይጠቀሙበታል። ይህ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ የሥራ አለቃ ኪስ ውስጥ የምትገባ ካርድ ይሰጥ ነበር። ካርዷን በትምህርት ቤት አይቻታለሁ፤ ለፈተና ሸምድጃታለሁም። ከፈተናው በኋላ ረሳኋት።

በካርዷ ላይ አራት ደረጃ አለ። መጀመሪያ ሠራተኛውን አረጋጋው፣ ስለ ሥራው ቀድሞ ምን እንደሚያውቅም ጠይቀው ይላል። ቀጥሎ ሥራውን አንድ በአንድ አሳየው፤ ሥራውን የሚያበላሸውን፣ ሰውን የሚጎዳውን፣ እጅን የሚያቀልለውን ነጥብ ለይተህ ንገረው። ሦስተኛው ላይ ሥራውን እሱ ይሥራ፤ እየሠራም ለምን እንደዚያ እንደሚያደርግ ለአንተ ያስረዳህ። መቆም የምትችለው እሱ ማወቁን አንተ ስታውቅ ነው። አራተኛው ላይ ብቻውን ተወው፤ ሲቸግረው ማንን እንደሚጠይቅ አሳየው፤ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ጎብኘው፣ እየቆየህ አሳንሰው። ካርዷ ላይ የሰፈረች አንዲት ደረቅ ዐረፍተ ነገርም አለች። ሠራተኛው ካልተማረ ያላስተማረው አሠልጣኙ ነው ትላለች። ሌክዉድ ላይ ቀይ መብራት ይዞኝ ይህችን ሳስታውስ ፊቴ ጋለ።

ረቡዕ ጠዋት ከሱፐርቫይዘሩ ሁለት ሰዓት ለመንኩ። እትዬን መደርደሪያው አጠገብ አገኘኋቸው። ስለ ስህተቱ ሰምተዋል፤ ዓይናቸው ያስታውቃል። ስካነሩን ኪሴ ከተትኩና፣ «እትዬ፣ አገር ቤት ምን ነበር የሚሠሩት?» አልኳቸው።

«ንብረት ክፍል» አሉ። «የመንግሥት መሥሪያ ቤት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበርኩ።»

ይህ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ለተወለዳችሁት ላስረዳ። በኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ዕቃ ወደ ግምጃ ቤት ሲገባ ሞዴል 19 የሚባል ደረሰኝ ይቆረጣል። ሲወጣ ደግሞ ሞዴል 22። እያንዳንዱ ወረቀት ቁጥር አለው፣ ፊርማ አለው። ንብረት ቢጎድል መጀመሪያ የሚጠየቀው ግምጃ ቤት ጠባቂው ነው። እትዬ ይህን ሁሉ ዓመት ሲሠሩ አንድ ቀን ቆጠራቸው ጎድሎ እንደማያውቅ ነገሩኝ። ሲነግሩኝ ቀና አሉ። እኔ ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ስለ ዕቃ አወጣጥ ያስተማርኳቸው ሴትዮ፣ እኔ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ዕቃ ሲያወጡ የነበሩ ናቸው።

ስካነሩን አወጣሁ። «እትዬ፣ ይህ ገጽ ‹ሪሲቭ› ይላል። ሞዴል 19 ነው። ይሄኛው ‹ፒክ› ይላል። ሞዴል 22 ነው።»

ስካነሩን ከእጄ ወስደው አገላበጡት። «ገቢና ወጪ ነዋ!» አሉ። «ታዲያ ይህን ቀድመህ አትለኝም ነበር?»

ሁለቱን ባርኮዶች አሳየኋቸው። እኔ ሳልጨርስ፣ «በካርቶን ከወጣ በካርቶን ይቆጠራል፤ በፍሬ ከወጣ በፍሬ ነው» አሉ። እኔ ይህን ለማስረዳት አሥራ አንድ ስላይድ ፈጅቶብኛል። ከዚያ እሳቸው እንዲሠሩ ለቀቅኩላቸው። መጀመሪያ ዝም ብለው ሠሩ፤ ሲሳሳቱ እዚያው አረምኩ። በሁለተኛው ዙር ምን እንደሚያደርጉና ለምን እንደሆነ እየነገሩኝ ሠሩ። በአማርኛ ነበር፤ ስካነሩ አማርኛ መስማት አይከፋውም። አምስተኛው ካርቶን ላይ እጃቸው ወደ ተሳሳተው ባርኮድ ሲሄድ አየሁ። እጄን ልዘረጋ ስል ተውኩት። ስካነሩ ሁለቴ ጮኸ። «ቆይ፣ ቆይ፣ ይሄ በፍሬ ነው» ብለው ራሳቸው መለሱት። ከዚያ በኋላ በዚያ ነገር ሲሳሳቱ አላየሁም።

በዚያች ሁለት ሰዓት «እሺ» ያሉኝ አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ምሳ ልጋብዝዎት ስላቸው።

ሐሙስ ሁለት ስህተት ተገኘባቸው፤ አርብ ምንም። ሱፐርቫይዘሩ ወረቀቱ ላይ ፈረመ።

ቪዲዮዬን ቆርጬ ስድስት ደቂቃ አደረግኩት። በሙያችን የሥልጠና ዝግጅት አምስት ደረጃ አለው ይባላል፤ ትንተና፣ ንድፍ፣ ዝግጅት፣ ትግበራ፣ ግምገማ። በ1975 ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለአሜሪካ ጦር ከሠራው ሥራ የመጣ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ዘልዬው ነበር፤ ማንን እንደማሠለጥን ሳልጠይቅ ነው የጀመርኩት። የመጨረሻውን በአሥር ጥያቄ ገላገልኩት። ያሳመርኩት መሃሉን ብቻ ነው። የፕሮጀክት ዕቅዴንም ቀየርኩ። «ቪዲዮ ተጠናቀቀ» የሚለው ሳጥን ወጣ፤ በምትኩ «ሠራተኛው ያለ እኔ ሠራ» የሚል ገባ። ይህን ሳጥን መሙላት ብዙ ቀን ይፈጃል። አለቃዬ መጀመሪያ አልወደደውም፤ አሁንም በጣም የሚወደው አይመስለኝም።

የሚከብደው ያ አራተኛው ደረጃ ነው፤ መተው። እዚህ ላይ ስለ ሲ-47 የነገርኳችሁን አስታውሱ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1945 ሲቋቋም ሥራውን የጀመረው በእነዚህ ዓይነት አምስት አውሮፕላኖች ነው፤ ከጦርነቱ የተረፉ ነበሩ። ተሳፋሪው የሚቀመጠው በግራና በቀኝ ግድግዳ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ነው፤ ዕቃው መሃል ይቀመጣል። የመጀመሪያው መደበኛ በረራ በሚያዝያ 8 ቀን 1946 በአሥመራ አድርጎ ካይሮ ደረሰ። አብራሪዎቹም፣ መካኒኮቹም፣ ዋና ሥራ አስኪያጁም አሜሪካውያን ነበሩ፤ ቲደብሊውኤ ከሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ውል የመጡ ናቸው። የታሰበው ግን ኢትዮጵያውያን ሠልጥነው ቦታውን እንዲረከቡ ነበር።

አሁን ዓመታቱን ቁጠሩልኝ። በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። በ1960ዎቹ የአብራሪዎችና የቴክኒሻኖች ማሠልጠኛ አገር ውስጥ ተከፈተ። በ1966 ምክትል ዋና ሥራ አስኪያጁ ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ፤ ቲደብሊውኤም ከዚያ ወዲያ የቀረው አማካሪ ሆኖ ነው። ሃያ አምስት ዓመት አለፈ ማለት ነው። ረጅም ነው ትሉ ይሆናል፤ እኔም በመጠኑ ረጅም ይመስለኛል። ግን ከእጅ ወደ እጅ ያለፈውን ቅደም ተከተል ተመልከቱት። መጀመሪያ መሪውን የያዘ እጅ፣ ቀጥሎ ሌላውን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ምክትል፣ በመጨረሻ ዋና። ዛሬ በዚያ ማሠልጠኛ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ ወጣቶችም ይማራሉ። «ሥልጣን» እና «ሥልጠና» ዘመዳሞች ናቸው ያልኳችሁን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

እትዬ ዛሬም መጋዘኑ ውስጥ አሉ። ባለፈው ወር አዲስ ልጅ ተቀጠረ፤ ከጓቲማላ የመጣ ወጣት ነው። የኔን ስድስት ደቂቃ ካየ በኋላ እሳቸው ዘንድ ላክሁት። በምን ቋንቋ እንደተግባቡ አልጠየቅኩም። ጥግ ቆሜ አየኋቸው። እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል፤ ልጁ ይሠራል። ሲሳሳት ጣታቸውን ወደ ካርቶኑ ይቀስራሉ፤ ስካነሩን ግን አይነኩም። ልጁ «ኦኬ፣ ኦኬ» ሲላቸው ራሳቸውን ነቀነቁና «ኦኬ አይደለም፤ አሳየኝ» አሉት፤ በአማርኛ። አሳያቸው።

ቤት ውስጥ ግን እኔ ገና ተለማማጅ ነኝ። እሁድ ዕለት እናቴ የመብራት ክፍያ በስልኳ ልትከፍል ፈለገች። ከዚህ በፊት ሁልጊዜ «ስጪኝ፣ እኔ ላድርግልሽ» ብዬ ስልኩን እነጥቃታለሁ፤ በአንድ ደቂቃ እጨርስላታለሁ፤ በሚቀጥለው ወር እንደገና ትጠራኛለች። እናንተም ታውቁታላችሁ። አሁን እጆቼን ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩባቸው። የይለፍ ቃሉን ሦስቴ ተሳሳተች። አንዴ ስልኩ ራሱ ጠፋባትና ቡና ረከቦቱ ላይ ተገኘ። «ቀጥሎ ምን ልታደርጊ ነው?» እላታለሁ፤ «ተወኝ፣ እያየሁ ነው» ትለኛለች። ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። መጨረሻ ላይ ሳልጠይቃት፣ «ይሄ ቁጥር የባለፈው ወር ነው፤ ይሄኛው የአሁኑ። የአሁኑን ነው የምነካው» አለችና ነካችው።

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ምን ቁጭ ብለህ ታየኛለህ? ቡናው እየገነፈለ ነው፤ ሂድና አውርደው።»